በሁዳዴ ያልበላነው ሥጋ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሕይወት ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ከስልኳ ጋር ትጻጻፍ ነበር። መጀመሪያ ከሰው ጋር መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከስልኩ ከራሱ ጋር ነው። ትጠይቀዋለች፣ ይመልስላታል። ስለ ድልህ አዘገጃጀት ብትጠይቀው ስለ ድልህ፣ ስለ ከዋክብት ብትጠይቀው ስለ ከዋክብት፣ ያውም በትሕትና። መነጽሬን አድርጌ ጥቂት ካየሁ በኋላ በእኛ ጊዜ የነበረው እንዲህ ጨዋ እንዳልነበረ፣ ከሁለት ቃል በላይ ከጻፉለት «አልገባኝም» ብሎ ድርቅ እንደሚል ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀች። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ዘመን ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንኳን ኮምፒዩተር፣ የእጅ ሰዓት ያሰረ ሰውም ብርቅ ነበር ብላ ታስባለች። ብርቅስ ብርቅ ነበር። ግን አንድ ነበረ፤ እኔም ተጫውቼበታለሁ። ይህን ስላት ስልኳን አስቀመጠችና «ከማን ጋር?» አለችኝ። ድስቱ እንዳያርር ልየው ብዬ ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር አልነበረም።

ልጅቷ የጠየቀችኝ ቀላል ነገር ነው። አንዳንድ ስም ግን ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላም ከአፉ ለመውጣት ያስቸግራል።

ጠጄ ትባላለች። እሷ የደብረ ወርቅ መሪጌታ ልጅ፣ እኔ የዲማ ገበሬ ልጅ ነን። በየሀገራችን ያለው ትምህርት ሲያልቅብን ለሁለተኛ ደረጃ ደብረ ማርቆስ ገባንና አንዲት የጭቃ ቤት በጋራ ተከራየን። አንድ አልጋ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ ድስት ነበረን። ስንቅ ከቤት ሲላክ በሶው ከማን አቁማዳ እንደ ወጣ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የእናቴ ዳቦ ቆሎ በጠጄ ኪስ ውስጥ፣ የእናቷ ድርቆሽ በእኔ ትሪ ላይ ነው። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ሲጠናብን ተቃቅፈን እንተኛለን። እኔ እህቶች ነበሩኝ፤ ግን እንደ ጠጄ ያመንኩት ሰው አልነበረም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚለውን ተረት ያኔም አውቀው ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር እንጂ።

በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤታችን ህንዳውያን መምህራን ነበሩት። ሂሳብ የሚያስተምረን ሚስተር ፊሊፕ ጥያቄ ስንመልስለት ራሱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ አዎ ይሁን አይደለም ለመለየት አንድ ሙሉ መንፈቅ ፈጅቶብናል። ባለቤቱ ሚስስ ሣራ ግን አታስተምርም፣ ቤት ትውላለች። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ስለ እርድ ቅመም ዋጋ ከነጋዴዋ ጋር በምልክት ስትከራከር አግኝተናት ገባንበት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንቢሏን ይዘን አብረናት እንገበያለን፤ ስንመለስ ቤቷ ታስገባንና ሩዝ ታበላናለች። ሰናፍጩ በዘይት ውስጥ እየፈነዳ የሚሸተው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። የተማርነውን እንግሊዝኛ ተናግረን የምንደመጥበት ብቸኛ ቤት ያ ነበር።

ማሽኑን ያየነው እዚያ ነው። ሚስተር ፊሊፕ ለዕረፍት ሀገሩ ሄዶ ሲመለስ ያመጣው፣ ከትሪ የማይበልጥ ጥቁር ዕቃ ነው፤ ቁልፎቹ ሲነኳቸው እንደ ላጲስ ለስለስ ይላሉ። ከቴሌቪዥን ጋር በሽቦ ያያይዙታል። ጨዋታው ያለው በካሴት ላይ ነው። ቴፑ ሲከፈት ዘፈን ስንጠብቅ፣ የሚቆላ ተልባ የሚመስል ነገር ረዘም ላለ ጊዜ ሲንጣጣ ቆየና ዝም አለ። ከዚያ የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ጽሑፍ ወጣ። ሥዕል የለም፣ ድምፅ የለም፣ ጽሑፍ ብቻ። ወንዝሽ ደርቋል ይላል። መንደርሽ ውኃ ተጠምቷል። ወደ ተራራው ወጥተሽ ምንጩ ለምን እንደ ነጠፈ ማወቅ አለብሽ። ምን ታደርጊያለሽ?

ምን ታደርጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ፍጡር ያ ማሽን ሳይሆን አይቀርም። እስከዚያ ቀን ሁሉም ሰው የሚነግረኝ ምን እንደማደርግ ነበር።

ሕጉ ቀላል ነው። ሂጂ ወደ ሰሜን፣ ውሰጂ ገመድ እያሉ በእንግሊዝኛ ሁለት ሁለት ቃል መጻፍ ነው። እኛ ግን ገና ከመነሻው ተሰናከልን። ጥቂት እንደ ሄድን «አንድ ሽማግሌ በር ላይ ተቀምጠዋል» አለን። ሽማግሌ ሰላም ሳይሉ ማለፍ እንዴት ይሆናል? እንደምን አረፈዱ፣ ልጆችዎ ደህና ናቸው ወይ፣ እህሉ እንዴት ነው እያልን ያለችንን እንግሊዝኛ ሁሉ አሟጠን ጻፍን። ማሽኑ አልገባኝም ይላል። ጠጄ ስድብ ተሰምቷት ፊቷ ቀላ። ሚስስ ሣራ ከኋላችን ሆዷን ይዛ ትስቃለች። በመጨረሻ ሽማግሌውን ሰላም ሳንል ገፍተን አለፍን፤ ጠጄ ግን በቃሏ በአማርኛ ይቅርታ ጠይቃቸዋለች።

ቁልፉን የምንመታው በወንፈል ነበር። ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ ካረስኩ ነገ አንተ የእኔን ታርሳለህ እንደሚባለው፣ አንድ ቀን እሷ ትጽፋለች እኔ አያለሁ፣ በሌላው ቀን እኔ እጽፋለሁ እሷ ታያለች። መንገዱን የምንይዘው በቃላችን ነው። ያ የጠጄ ስጦታ ነበር። አባቷ ዜማ እየመሩ ተማሪ ሲያስቀጽሉ እየሰማች አድጋለችና ድልድዩን፣ ዋሻውን፣ የተሰበረውን በር በዜማ አድርጋ ታስጠናኛለች። ውኃ ስንቀዳ፣ ልብስ ስናጥብ እያዜምን እንመላለስበታለን። የሚሰሙን ጎረቤቶች ውዳሴ ማርያም የምንደግም መስሏቸው ይመርቁናል።

ሥጋው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ድልድዩን እንደ ተሻገርን አንዲት ጎጆ አለች፤ ጎጆዋ ውስጥ ቋንጣ ተሰቅሏል። ወሰድነው። ትንሽ እንደ ሄድን ማሽኑ «ርቦሻል» አለ። ተራው የእኔ ነበር። ብዪ፣ ሥጋ ብዬ ልጽፍ ጣቴን ስሰድ ጠጄ እጄን ቀጨም አደረገችው።

«አንች ልጅ፣ ዓርብ እኮ ነው!»

ዓርብ ነበር፣ እውነቷን ነው። ጨዋታ ነው አልኳት። ማሽኑ ርቦሻል ያለው እኛን ነው፣ የምንበላውም እኛ ነን አለች። እኔ እንደ እሷ ሃይማኖተኛ አልነበርኩም፤ ግን በመሪጌታ ልጅ ፊት ደፍሬ ሥጋ አልበላም። ሳንበላ ወደፊት ገፋን፤ ብዙም ሳንርቅ በረኃብ ሞትን። ሚስስ ሣራ ቋንጣ ይዘሽ በረኃብ የምትሞቺ ጉደኛ ሰው ነሽ አለችኝ። በማግስቱ ቅዳሜ ጾም ስላልነበረ በላን። ደግሞ ተራራው ጫፍ አጠገብ ስንደርስ እንደገና ራበንና ሌላ እህል በመታጣቱ ሞትን። ያኔ ገባን። ሥጋው አንድ ብቻ ነው፤ እስከ መጨረሻው ዋሻ አፍ ድረስ ተይዞ እዚያ መበላት አለበት። ተቆጥበን ተቆጥበን ሥጋውን ይዘን ዋሻው አፍ ላይ የደረስንበት ቀን ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነበር።

አሁን ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ከፊታችን ያለው የመጨረሻው ዋሻ ነው፤ ምንጩ እዚያ ውስጥ ነው። ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ብንራመድ በረኃብ እንሞታለን፤ ብንበላ ጾም ገደፍን። ሚስስ ሣራ የደረስንበትን ቦታ በሌላ ካሴት ቀዳችልን። እኛ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችንን አድፍጠን ጠየቅናቸው። አባ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ካሴቱ፣ ስለ ቋንጣው ጠጄ ያስረዳቻቸውን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«እዚያ ውስጥ የሚርበው ማን ነው?» አሉ።

«እኛ ነን፣ አባ።»

«እንግዲያማ እዚያም ጹሙ፣ ልጆቼ» ብለው መስቀል አሳልመውን ሄዱ።

ፋሲካን እንጠብቅ ያለችው ጠጄ ናት። ህንዳውያኑ ውላቸው አልቆ ከፋሲካ በኋላ ሊሄዱ ነው፣ ማሽኑም አብሯቸው ይሄዳል፤ ቢሆንም ለአንድ ቀን እንደርስበታለን አለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ቤት ስንሄድ ዋርካው ሥር አቆመችኝና ማተቧን ያዘች። እኔም የእኔን ያዝኩ። ፋሲካ ሳይገባ፣ አንዳችን ያለ ሌላችን ያን ዋሻ ላንገባ ተማማልን። የመጀመሪያውን ቃል የተናገረችው እሷ ናት።

ያ ጾም እንዴት ረዘመብኝ። የመጋቢት ነፋስ አቧራውን እያነሣ በየቀዳዳው ያስገባል፤ የምንበላው ሱፍ ፍትፍት ጥርሳችን ላይ ይንቀጫቀጫል። እኔ ግን ደስተኛ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስተምር ሐሳቤ ዋሻው አፍ ላይ ነው። ውኃው ሲለቀቅ፣ ቁልቁል ወደ መንደሩ ሲወርድ፣ ሰዎቹ እንስራቸውን ይዘው ሲሮጡ ይታየኛል። ይህን ለጠጄ ስነግራት እሷም ትጨምርበታለች። ማታ ሁለታችንም ጋቢ ውስጥ ሆነን የየራሳችንን መጨረሻ እንፈጥር ነበር። የጀመርኩት ነገር መጨረሻ ደርሶ ማየት፣ እሱንም ከጠጄ ጋር ማየት፣ በሕይወቴ እንደዚያ የተመኘሁት ነገር ጥቂት ነው።

በጾሙ መካከል ስንቅ ላመጣ ዲማ ሄጄ ጥቂት ቀን ቆየሁ። እህል በጫነ መኪና ላይ ሆኜ ስመለስ ለጠጄ ከእናቴ ጓዳ የተልባ ዱቄት ይዤላት ነበር። ከዚያ ደግሞ የእሷ አባት ታመው ደብረ ወርቅ ሄደች። እሷ በሌለችበት ቅዳሜ ሚስስ ሣራን ለብቻዬ አገበያየኋትና ቤት ገባን። ሳልጠይቃት ካሴቱን ከፈተችልኝ። ዋሻው አፍ ላይ ነኝ። ርቦሻል ይላል። ሚስስ ሣራ በሀገሯ እነሱም ይህን ጾም እንደሚጾሙ፣ እሷ ራሷ ሥጋ ከቀመሰች መሰንበቷን ነገረችኝ፤ ይህ ግን ፊደል ነው፣ ፊደል ጮማ የለውም አለች። ጨርሺው፣ ከመሄዳችን በፊት እዪው አለችኝ። እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። በእንግሊዝኛ ከጠጄ ጋር ቃል ተገባብተናል አልኳት። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ማሽኑንም ዘጋችው።

ጠጄ ስትመለስ ይህን በኩራት ነገርኳት። ምድጃው ሥር ቁጢጥ ብላ እሳት ታራግብ ነበር። «ጎበዝ ነሽ፣ እናትዬ» አለችኝ፤ ስሜ እናትነሽ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል ዓይኗ እንባ ሞላ። ጭሱ ነው ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩላት።

ፋሲካ ደረሰ። ሁለታችንም ለበዓሉ ሀገር ቤት ሳንሄድ ቀረን፤ የቀረነው ለዋሻው ነው። በማግስቱ ሰኞ ከአከራያችን የተሰጠንን ዶሮ ወጥ በሳህን፣ ድፎውን በመሶብ ወርቅ ይዘን እነ ሚስስ ሣራ ቤት ሄድን። ወንፈሉ የእኔ ነበር። ተቀመጥኩ። ጠጄ እንደ ወትሮዋ በቀኜ ቆመች። ካሴቱ ተንጣጥቶ ሲያበቃ ርቦሻል አለ። ብዪ፣ ሥጋ ብዬ ጻፍኩ። ጠገብሽ አለኝ። ሁለታችንም አጨበጨብን፤ ጠጄ ትከሻዬን አቅፋ ጉንጬን ሳመችኝ። ዋሻው ውስጥ ገባሁ። ጨለማ ነው ይላል። በግራ በኩል ጠባብ መተላለፊያ አለ፣ በቀኝ በኩል ሰፊ በር አለ፣ ከበሩ ውስጥ የውኃ ድምፅ ይሰማል።

ውኃ ከተሰማበት ሌላ የት ይኬዳል? ቀኝ ብዬ ልጽፍ ስል ጠጄ ከላዬ ሆና፣

«ተይ፣ በግራው ግቢ። ያኛው ገደል ነው» አለች።

እንዲያው አመለጣት። እንደ እናት ነው የተናገረችው፤ ልጇ ጉድጓድ ልትገባ ስትል ሮጣ እንደምትይዝ እናት። እኔም ግራ ብዬ ልጽፍ እጄን አንሥቼ ነበር። ከዚያ ነው የገባኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከዚያ ቀን በፊት ማናችንም ገብተን አናውቅም። ዞር ብዬ አየኋት። ጠጄ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ሚስስ ሣራ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ምግቡ ገና አልተበላም ነበር።

«መቼ ነው?» አልኳት።

«ዲማ የሄድሽ ጊዜ።»

ሥጋው እንዴት እንደሚሆን ብቻ ልታይ አስባ እንደ ነበር፣ አንድ ክፍል ብቻ ብላ ገብታ መውጣት እንዳቃታት፣ እስከ መጨረሻው እንደ ሄደች፣ ሚስስ ሣራንም እንዳትነግረኝ እንደ ለመነቻት ነገረችኝ። ስትናገር ማተቧን ታፍተለትለዋለች። ጆሮዬ የሚሰማው ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ጭስ መካከል ጎበዝ ነሽ ያለችኝ ይሰማኛል። ከዲማ ከተመለስኩ በኋላም ጋቢ ውስጥ ሆነን ውኃው እንዴት ይለቀቅ ይሆን እያልኩ ስቀባጥር፣ አውቃው ሳለ እንዳላወቀ ሰው ትጨምርልኝ ነበር። ያን ጊዜ አፍሬ ነበር፤ በእሷ ሳይሆን በራሴ። ሞኝ እንደ ነበርኩ ተሰማኝ። ሰው ሲከዳ መጀመሪያ የሚሰማው ንዴት ይመስለኝ ነበር፣ ኀፍረት ነው ለካ።

ተነሣሁ። መስታወቱ ምን ታደርጊያለሽ እንዳለ ነው። ትቼው ወጣሁ። ጠጄ እስከ ዋናው መንገድ እየሮጠች ተከተለችኝና ክንዴን ያዘች።

«መጨረሻውን ልንገርሽ? እናትዬ፣ ልንገርሽና ይውጣልሽ።»

ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ ሄድኩ። እስከ ዛሬም አላውቀውም። ህንዳውያኑ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ ሚስስ ሣራ ልትሰናበተኝ መጥታ አቅፋኝ ጥቂት ቆማ ሄደች፤ እኔም አላዘንኩባትም፣ እሷ የማለችልኝ ነገር አልነበረም። የከፋው ሌላ ነበር። ሌላ ቤት የምከራይበት አቅም ስላልነበረኝ ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ያው አንድ አልጋ ላይ፣ ያው አንድ ጋቢ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተኛን። ብርዱ ሲጠና ጠጄ በእንቅልፏ ትጠጋኛለች። እኔ ወደ ግድግዳው እጠጋለሁ።

ዕድላችን ሆኖ ግን ሁለታችንም እዚሁ ደብረ ማርቆስ ቀረን። እሷ አገባች፣ እኔ አገባሁ። ባሌ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ ለቅሶውን ጨርሶ ሲበተን፣ ፍራሽ ዘርግታ አጠገቤ የሰነበተችው ጠጄ ናት። በአንድ የማርያም ጽዋ እንጠጣለን። ሰው ሲያየን እህትማማች ይለናል። ከጥቂት ዓመት በፊት ከማኅበር ስንመለስ፣ ጠላው ሞቅ አድርጓት ነው መሰል፣ ያቺን የመስታወት ሥጋ ዛሬም ይዘሽብኛል ወይ አለችኝ፤ እየሳቀች ነው። እኔም ያን ሁሉ ዓመት ያልተናገርኩትን ተናገርኩ።

«መብላትሽንስ ይቅር ብዬሻለሁ። ይቅር ያላልኩሽ በልተሽ ስታበቂ ከእኔ ጋር ፋሲካን መጠበቅሽን ነው።»

መሳቋን ተወች። እስከ ደጄ ድረስ ሸኘችኝ። ደህና እደሪ ብላኝ ሄደች፣ በማግስቱ እንደ ወትሮዋ ደወለች፣ ነገሩን ደግመን አላነሣነውም።

ያን ቅዳሜ ሕይወት ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች። እንደዚያ ያሉ የድሮ ጨዋታዎች ዛሬ በነፃ እንደሚገኙ፣ ስሙን ብቻ ብነግራት ፈልጋ እንደምታመጣልኝ፣ የቀረኝንም መጨረሻ እንደማየው ነገረችኝ። አያስፈልገኝም አልኳት። ከማን ጋር እንደ ነበርም ነገርኳት። «ከእትዬ ጠጄ ጋር? ታዲያ ይኼ ምን ያስደብቃል?» አለች። ከልቧ ነው የገረማት፤ እሷ የምታውቃት ጠጄ በየበዓሉ ድፎ ይዛ የምትመጣ፣ ጾም የማታዛንፍ ሴትዮ ናት። እኔም የማውቃት እሷኑ ነው፤ ማንም ቢያማት የምቆጣው እኔ ነኝ።

በየዓመቱ ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ጠጄ ትደውልልኛለች። «እናትዬ፣ ጾሙን እንዴት ይዞሻል?» ትለኛለች። ደህና ይዞኛል፣ አንቺንስ እላታለሁ። እኔንም ደህና ይዞኛል ትላለች፣ ተመስገን እንባባላለን። ስልኩን ዘግቼ እቀመጥና፣ እሷስ እውነት እየጾመች ይሆን እላለሁ።